አድማጩና ጠያቂው አንድ ሰው ሲሆን፦ የሥነ ልቦና ሕክምናና የምርምር ጥምር ሙያ ከመንዝና ከግሼ ደጋ አንጻር

የዓለም ጤና ድርጅት ለአእምሮ ጤና ቅኝት ያዘጋጀው ኤስ አር ኪው የተባለው መጠይቅ 20 ጥያቄዎች አሉት። የምግብ ፍላጎት ቀንሶ፣ እንቅልፍ ጠፍቶ፣ ድካም በርትቶ እንደሆነ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም ስላለፉት 30 ቀናት ነው። አንድ መረጃ ሰብሳቢ ይህን ወረቀት ይዞ በዐቢይ ጾም ማብቂያ ላይ መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ወይም ግሼ ውስጥ ራቤል ቢገባ፣ ሠላሳው ቀን በሙሉ ከ55ቱ የጾም ቀናት ውስጥ ይወድቃል። በልግ በከዳበት ወይም ገብሱን ውርጭ በመታበት ዓመት ቢመጣ ደግሞ እንቅልፍ የነሳው የጎተራው ነገር ሊሆን ይችላል። መልሱ «አዎ» ነው፤ ነጥቡ ይደመራል፤ ጾመኛውም ጎተራው የጎደለበትም በጭንቀት ከታመመው ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ይሰፍራሉ።

የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ባለሙያ ሕክምናንና ምርምርን አጣምሮ ቢይዝ ይበጃል የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 አሜሪካ ውስጥ ቦልደር ከተማ የተካሄደው ጉባኤ ባለሙያው በሁለቱም እንዲሠለጥን ወስኗል። በእኛ አገር ግን ጥምረቱን ያስገደደው የሥራው ጠባይ ራሱ ነው፤ መንገዱን የጠረጉትም በአብዛኛው ሳይካትሪስቶች ናቸው።

ሆላንዳዊው ሳይካትሪስት ፍራንክ ኮርትማን በኢትዮጵያ ሲሠራ ያንኑ መጠይቅ መርምሮ ነበር። ከቴን ሆርን ጋር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ተጠያቂዎች አንዳንዱን ጥያቄ የተረዱት አዘጋጆቹ ባሰቡት መንገድ አልነበረም። መልሱንም ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ሰውየው ከጠያቂው የሚጠብቀው ነገር ጭምር ይቀርጸዋል። ይህን ለማወቅ ከመልሱ በኋላ «ለምን እንዲህ አሉ?» ብሎ ቁጭ ብሎ መስማት ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ የሐኪም ልማድ እንጂ የመረጃ ሰብሳቢ ሥራ አይደለም።

በቡታጅራ የተሠራው ለእኔ ከሁሉ የላቀ ምሳሌ ነው። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም እ.ኤ.አ. በ1997 በስዊድን ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ሥራ በገጠር ኢትዮጵያ የአእምሮ ጤና ላይ ያተኮረ ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያው ወረዳ በተካሄደ ሰፊ ቅኝት 68,378 ሰዎች ተመረመሩ። ተመራማሪዎቹ በመጠይቅ ብቻ አልተመኩም፤ አካባቢውን የሚያውቁ ነዋሪዎችን ጠየቁ፣ የተጠቆመውንም ሰው የሠለጠነ ሐኪም አየው። እነዚያ ነዋሪዎች ስኪዞፍሬንያን የመሰለውን ከባድ ሕመም በመጠቆም ከመጠይቁ በልጠው ተገኙ። ከተገኙት ሕመምተኞች አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አይተው የማያውቁ ነበሩ፤ ጥናቱም ቆጥሮ ከመሄድ ይልቅ ሕክምና ጀመረላቸው፣ ለዓመታትም ተከታተላቸው። ዛሬ ስለ ሕመሙ አካሄድ ያለን ጥሩ መረጃ የተገኘው ታካሚው ለክትትል ሲመላለስ ነው።

የፕሮፌሰር መስፍን አርአያ ሥራ መንዝና ግሼ ለሚገኙበት ለሰሜን ሸዋ ይበልጥ ይቀርባል። በግጭት ሳቢያ የተፈናቀሉ ኢትዮጵያውያንን የአእምሮ ጭንቀት፣ የመቋቋሚያ ስልትና የኑሮ ሁኔታ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 በዚያው በኡሜኦ የዶክትሬት ጽሑፍ አድርገውታል። ተፈናቃዮችን ያስጠለለችው ደብረ ብርሃን ይህን ጥያቄ በራሷ ሰዎች ላይ እንደገና ልታነሳው ይገባል።

የሕክምናው ወገንስ? የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሲጀመር፣ የንግግር ሕክምናም አብሮ ገባ። ዶክተር ዳዊት ወንድምአገኝና ካናዳዊቷ ፓውላ ራቪትስ በሰዎች ግንኙነት ላይ የሚያተኩረውን የሥነ ልቦና ሕክምና ለኢትዮጵያ እንዲስማማ አድርገው አሰናዱት። ይህ ሕክምና ሐዘንን፣ ጠብን፣ የኑሮ ለውጥንና ብቸኝነትን ይይዛል። መንዝ ውስጥ ለሐዘን ልቅሶና ተዝካር፣ ለጠብ ሽማግሌና እርቅ አሉ። ሐኪሙ ታካሚው በእነዚህ ውስጥ አልፎ ለምን እንዳልተጽናና ካልጠየቀ ሕክምናው የቀዬውን ሥርዓት ይደግማል እንጂ አይጨምርበትም። ጥያቄው ለአንድ ታካሚ ሲነሳ ሕክምና ነው፤ በብዙዎች ላይ በሥርዓት ሲመዘገብ ምርምር ይሆናል።

በደጋው የመጀመሪያው አድማጭ የንስሐ አባት ነው፤ ጻድቃኔ ማርያምን የመሰለ የጸበል ቦታም አለ። ታካሚው ሆስፒታል የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከእነዚህ በኋላ ነው፤ የመጣበትን መንገድ በአክብሮት መመዝገብም የባለሙያው የመጀመሪያ መረጃ ነው። ጸበልና መድኃኒት እንደ ባላንጣ መታየታቸው ታካሚውን ሁለቱንም እንዳያሳጣው እሰጋለሁ።

ጥምር ሙያው አደጋም አለው፤ ችላ ሊባል አይገባም። በሽማግሌና በካህን ፊት «እሺ» ማለትን የለመደ ሰው፣ የሚያክመው ባለሙያ ለጥናት ሲጠይቀው እሺታው ፈቃድ ይሁን ይሉኝታ አይለይም። ከጠባብ ቀዬ የተወሰደ የታካሚ ታሪክም ስሙ ቢፋቅ እንኳ በአበ ልጅና በጎረቤት ይታወቃል። እኔ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ሆስፒታሎች ለባለሙያው ከሕክምና ሰዓቱ ላይ ለምርምር የታወቀ ቀን ይመድቡለት፤ አለዚያ ምርምሩ ከወረፋው የተረፈ ድካም ይሆናል። የጥናት ፈቃዱን ደግሞ የሚያክመው ሰው አይጠይቅ፤ ሌላ ባልደረባ ይጠይቅ፣ ታካሚው እምቢ ቢል ቀጠሮውም መድኃኒቱም እንደማይቀርበት ያው ባልደረባ አስቀድሞ ይንገረው።