ከገደሉ ያልተላቀቀው ድስት

የሳሙና ድንጋይ ካባ፣ ፍለር ደ ሊስ፣ ኒውፋውንድላንድ፣ ካናዳ
የዶርሴት ባህል፣ ከ1,500 ዓመታት ገደማ በፊት

ገደሉ ላይ ጉብ ብሎ የቀረውን ቅርጽ ልብ ብለው ይመልከቱት። ሊነሣ ሲል የቀረ ድስት ነው፤ መቀመጫው ወደ እርስዎ ዞሯል፣ አፉ ገና ከዓለቱ ጋር ነው። የጥንቱ የዶርሴት ሕዝብ ጠራቢዎች በጠንካራ ድንጋይ ዙሪያውን ቦይ እየፈለፈሉ፣ ሥሩን እየሰረሰሩ ይፈነቅሉት ነበር። አጠገቡ የሚታዩት ጠባሳዎች ተነሥተው የሄዱት ድስቶችና ኩራዞች ቦታ ናቸው።

የሳሙና ድንጋይ ታልክ ስለሚበዛበት በቀላሉ ይፋቃል፤ እሳት ይችላል፤ ሙቀትም ይዞ ይቆያል። ኩራዙ አቆስጣ ከተባለው የባሕር እንስሳ ስብ በሚወጣ ዘይት እየነደደ ቤቱን ያበራና ያሞቅ፣ ድስቱንም ያበስል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1992 የኮድ ዓሣ ማጥመድ ሲታገድ፣ ኑሯቸው ከባሕር የነበረ የኒውፋውንድላንድ መንደሮች ፊታቸውን ወደ ምድራቸው ቅርስ አዞሩ። እዚህ በፍለር ደ ሊስ መንደርም በ1990ዎቹ መጨረሻ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ተካሄደ። ዛሬ መንደሯ የራሷ ሙዚየም አላት፤ የእንጨት መሄጃም ጎብኚውን ከገደሉ ሥር ያደርሰዋል።

እባክዎ ድንጋዩን አይንኩ፤ ጥፍር እንኳ ይጭረዋል። ይህ አሻራ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ የመንደሩ አደራ ነው።