ኮምፒውተሩ በሰዓቱ ማዳመጥን እንዴት ተማረ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ድምፅ ታሪክ ነው። «ጠቅ» የምትል ድምፅ ናት። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አምና ዴስክቶፔን ከክፍሌ አውጥቼ ሳሎን አስቀመጥኩና አያቴን ማይክ ፊት አስቀምጬ ከጎንደር ወደ ሱዳን በእግር የሄዱበትን መንገድ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። ከአንድ ሰዓት በላይ አወራች። ማታ ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ስሰማው በየጥቂት ሰከንዱ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። አንዷ ጠቅታ መንገድ ላይ የቀረውን የወንድሟን ስም መሃሉ ላይ ቆርጣዋለች። በማግስቱ «እምዬ፣ እስቲ እዚያ ቦታ ላይ ያለውን ድገሚልኝ» አልኳት። «ትናንት ነግሬሽ የለ እንዴ?» አለችኝ። ደገመችልኝ፣ ግን በአጭሩ። በመጀመሪያው ላይ የነበረው ዝምታ በሁለተኛው የለም።

ኮምፒውተሬ ደካማ አይደለም፣ ከባድ ጌም ያጫውታል። ታዲያ የአንዲት አሮጊት ድምፅ መቅዳት እንዴት አቃተው? መልሱን ያገኘሁት ታሪኩን ሳነብ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን በስኒ እናስበው። ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልኬት እንደ አንድ ጠብታ ውኃ ነው። ጠብታው ስኒ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ስኒው ሲሞላ ኮምፒውተሩ መጥቶ ያነሳውና ባዶውን ይተካል። ስኒው «በፈር» ይባላል። ኮምፒውተሩ ሌላ ሥራ ይዞት ከዘገየ ውኃው ይፈሳል። ያ የፈሰሰው ውኃ ነው «ጠቅ» የሚለው። ስለዚህ ጥያቄው ኮምፒውተሩ ምን ያህል ፈጣን ነው ሳይሆን በሰዓቱ ይመጣል ወይ ነው።

ይህ የሰዓት ጉዳይ ከመጀመሪያውም ነበር። በ1983 ሚዲ የሚባለው መግባቢያ ወጣ፣ በ1985 ደግሞ አታሪ ኤስቲ የሚባለው ኮምፒውተር የሚዲ መሰኪያ አብሮት ተሠርቶ ገበያ ገባ። ሙዚቀኞች ወደዱት። ግን ሚዲ ድምፅ አይሸከምም። «ይህን ቁልፍ አሁን ምታ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው። ትእዛዝ ደግሞ ቀላል ነው፣ ስኒው አይሞላም።

በ1989 የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ኩባንያ ሳውንድ ብላስተርን አወጣ። በተራ ፒሲ ድምፅ መቅዳት ለብዙ ሰው የተቻለው በዚህ ካርድ ነው። ልኬቱ 8 ቢት ነበር፣ ማለትም ከሹክሹክታ እስከ ጩኸት ያለውን ሁሉ በ256 ደረጃ ብቻ መክፈል ነው። ካርዱን ለማስገባት ሰው ሳጥኑን ከፍቶ፣ ትንንሽ የፕላስቲክ መሰኪያዎችን በጣቱ እያነሳ ቁጥር ይመርጥ ነበር። ቁጥሩ ካርዱ «ስኒዬ ሞልቷል፣ ና!» ብሎ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት መስመር ነው። 7ን ከመረጣችሁ ብዙውን ጊዜ ያ መስመር የፕሪንተሩም ነው። ሁለቱ በአንድ መስመር ሲጠሩ ይጋጫሉ። ወላጆቻችን ኮምፒውተር ሳያዩ በፊት፣ ሰዎች ከእኛው ችግር ጋር በፒንሳ ይታገሉ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ 1991 መጣ። ያ ዓመት ለእኛ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በግንቦት ወር በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደዚህ የገባበት ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ፕሮ ቱልስ የሚባለው የመቅጃ ሥርዓት ወጣ። መፍትሔው ቀላል ግን ውድ ነበር፦ ኮምፒውተሩ በሰዓቱ ስለማይመጣ፣ ስኒ ብቻ የሚጠብቅ የራሱ ፕሮሰሰር ያለው ካርድ ተገዛለት። ይህ የስቱዲዮ ዕቃ ነበር። ከአውሮፕላን ወርዶ በካራቫን ወይም በሆቴል የሚኖር ቤተሰብ የሚያስበው ነገር አልነበረም። የዚያን ጊዜ ትኩስ ትዝታ ያለው ሰው ብዙ ነበር፣ መቅጃው ግን ሩቅ ነበር።

እዚሁ አገርም ሥራው እየተጀመረ ነበር። በ1992 ቴል አቪቭ ውስጥ ዌቭስ የሚባለው ኩባንያ ተመሠረተና ድምፅን በሶፍትዌር የሚያስተካክሉ ፕለጊኖችን መሥራት ጀመረ። ዛሬ በዓለም ስቱዲዮዎች የታወቀ ነው፣ በ2011 ቴክኒካል ግራሚ አግኝቷል። ፕለጊን ግን የፕሮሰሰሩን ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ስትቀዱ አታብሩት፣ ለኋላ ተዉት።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከሐምቡርግ ነው። ስታይንበርግ የሚባለው ኩባንያ በ1997 አሲዮ የሚባል የድራይቨር ደንብ አወጣ። ድራይቨር ማለት በዊንዶውስና በዕቃው መካከል የሚያስተረጉም ፕሮግራም ነው። በፊት ድምፁ በዊንዶውስ መንገድ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይዘገይ ነበር። ክራር የሚመታ ሰው ጣቱ ከነካ በኋላ ቆይቶ ድምፁን ቢሰማ እንዴት ይጫወታል? አሲዮ ፕሮግራሙን ከካርዱ ጋር በቀጥታ አገናኘው። ሰልፉን ዘሎ ገባ በሉት። አፕል በማክ ኦኤስ ኤክስ ኮር ኦዲዮን ይዞ መጣ፣ ዊንዶውስም በቪስታ ጊዜ ዋሳፒ የሚባል የራሱን አጭር መንገድ ሠራ። ስቱዲዮ ብቻ ይችል የነበረውን ተራ ዴስክቶፕ ቻለው።

አሁን ወደ እኔ ስህተት እንመለስ። ኢንተርኔት ላይ ያየሁት ምክር ሁሉ «በፈሩን ወደ 64 አውርድ» ይላል። አወረድኩት። 64 ልኬት በ48,000 ሲካፈል 1.3 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ስኒውን የቡና ስኒ እንኳ አላደረግኩትም፣ እንደ ማንኪያ አሳነስኩት! በዚህ ላይ የዋይፋዩ ድራይቨር አንዳንዴ ፕሮሰሰሩን ይዞ ይቆያል። አንድ ድራይቨር የጀመረውን ሳይጨርስ ያ የፕሮሰሰሩ ክፍል ወደ ድምፁ አይመለስም። ማንኪያዋ እስከዚያ ትፈሳለች።

ታሪኩን ሳነብ የገባኝ ይኼ ነው፦ ያ ሁሉ የመፍጠን ሩጫ ራሱን እየሰማ ለሚጫወት ሙዚቀኛ ነበር። አያቴ ራሷን በጆሮ ማዳመጫ አትሰማም። ለእሷ 1,024 ይበቃል፣ 21 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ሙዚቀኛውን የሚያሰናክለው መዘግየት እሷን አይነካትም። እኔ የሌላ ሰውን ችግር መፍትሔ ወስጄ የራሴን ነገር አበላሸሁ።

እንግዲህ የምትቀዱ ከሆነ፣ እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። የኦዲዮ ኢንተርፌሱን ድራይቨር ከአምራቹ አወርዳለሁ፣ ዊንዶውስ ራሱ የሰጠኝን አልጠቀምም። ዕቃውን ከዴስክቶፑ ጀርባ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ዩኤስቢ እሰካለሁ፣ በማከፋፈያ አይደለም። የኃይል ቅንብሩን ወደ ከፍተኛ ብቃት አደርጋለሁ፣ ዩኤስቢውን የሚያስተኛውን ቅንብርም አጠፋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሲያንቀላፋ ለመንቃት ጊዜ ይወስድበታልና። ዋይፋይና ብሉቱዝ አጠፋለሁ። ላተንሲሞን የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ለጥቂት ደቂቃ አስኬዳለሁ፣ የትኛው ድራይቨር እንደሚያዘገይ በስሙ ይነግረኛል።

ልኬቱን 24 ቢት፣ 48,000 አደርጋለሁ። ከ256 ደረጃ ወደ 16 ሚሊዮን ደርሰናል፣ ስለዚህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መቅዳት አያስፈራም። ከፍተኛው ቦታ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አያቴ ድንገት ስትስቅ አይፈነዳም። በአንድ ማይክ ለአንድ ሰዓት 518 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፣ ለዛሬ ዲስክ ምንም አይደለም። የፋኑ ድምፅ እንዳይገባ ሳጥኑን ከማይኩ አርቄ ጠረጴዛ ስር አስቀምጠዋለሁ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ከመቀመጡ በፊት ለአሥር ደቂቃ ባዶ ቤቱን እቀዳና እስከ መጨረሻው አዳምጣለሁ። ጠቅ ካለ ያኔ ይበል።

የአያቴን የመጀመሪያ ቅጂ አልሰረዝኩትም። ጠቅታዎቹ አሉበት፣ ዝምታውም አለበት። የወንድሟን ስም ደግሞ ከሁለተኛው ቅጂ ወስጄ ፋይሉ ላይ በአማርኛ ጻፍኩት። ቤታችሁ ውስጥ ያልተቀዳ ሰው ካለ በዚህ ሳምንት ቡና አፍሉና ጠይቁት። ቅንብሩን ግን ከቡናው በፊት ጨርሱ። በሉ፣ ሰላም ሁኑ።