ጫረ፣ ጫጫረ፣ አጠላ

ፒያሳ ጣልያንኛ ነው፤ አደባባይ ማለት። እዚያ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የሚገዛው ዕቃም የባዕድ ስም ይበዛዋል።

እርሳስን እንያዝ። ዐረብኛው «ረሳስ» የማዕድኑ ስም ነው። ተማሪው በመቅረጫ በሚቀርጸው እንጨት ውስጥ ግን የእርሳስ ቅንጣት የለም። በ16ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝ አገር ቦሮዴል ላይ የተገኘውን ጥቁር ማዕድን ሰዎች ከእርሳስ ወገን ቆጠሩትና ስሙ በዚያው ጸና። ጀርመናዊው ቬርነር በ1789 እ.ኤ.አ. «ግራፋይት» ብሎ ቢሰይመውም ሱቅ ሄዶ ግራፋይት ስጡኝ የሚል አልተገኘም። ቃሉ ከግሪኩ «ግራፈይን» የወጣ ነው፦ መጻፍ፣ ከዚያም በፊት መጫር።

እስክሪብቶ ደግሞ የላቲኑ «ስክሪበሬ» ዘመድ ነው። «እ» የቀደመችው እንደ እስፖርት ምላስ ለማላላት ነው። የ«ስክሪበሬ»ም ጥንተ ትርጉሙ መጫር! ዶሮ ትጭራለች፣ ክብሪት ይጫራል፣ ቸኩሎ የሚጽፍም ጫር ጫር ያደርጋል። ሦስቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ እዚያው ደርሰዋል።

ብዕር የአገር ልጅ ነው። ግእዙ «ብርዕ» ይላል፤ ሸምበቆ፣ አገዳ። አማርኛ «ር»ንና «ዕ»ን አቀያየራቸው። ቀለምም ሸምበቆ ነበር፤ ግሪኩ «ካላሞስ»። ዐረቡ መጻፊያውን ቀለም አለ፤ እኛ ዘንድ ሸምበቆው ቀንድ ውስጥ ገብቶ ቀለጠና መጻፊያው ፈሳሽ ሆነ፣ ከዚያ መልክ፣ ከዚያ ትምህርት፣ በመጨረሻም «ቀለሜው» የሚባለው የክፍሉ ጎበዝ። የቁም ጸሐፊው ጥቁር ቀለም ዋና ግብዓቱ ጥላሸት ነው፤ እሱም እንደ ግራፋይት ካርቦን። ደብተራውና ተማሪው የሚጭሩት አንድ ንጥረ ነገር ነው ማለት ነው።

አራዳ ጊዮርጊስ የአፈወርቅ ተክሌን ሥዕሎች የሚያይ ምእመን ያንኑ ቀን «ሰአሊ ለነ» ሲባል ይሰማል። በጆሮ ሠዓሊና ሰአሊ አይለዩም። «ሠዐለ» ቀረጸ፣ አስመሰለ ነው፤ «ሰአለ» ለመነ። የሚለያቸው ፊደል ብቻ ነውና ሞክሼዎቹን እናስወግድ የሚሉ እዚህ ላይ ቢቆሙ ደስ ይለኛል።

አሁን የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልን የእንጨት በረንዳ እንሣል። እርሳስ ሲይዙ እጅ ይጫናል፣ ይላላል፤ 2ቢ ከኤችቢ የሚጠቁረው ሸክላው ስለሚያንስ ነው፤ ጥቁረቱ ሲበዛም በጣት ይታሻል። እስክሪብቶ ይህን ያህል አይታዘዝም። ጥቁረቱ የሚመጣው ከጭረቱ ብዛት ነው፦ ፀሐይ የመታው ምሰሶ ላይ ራቅ ራቅ ያሉ ሰያፍ ጭረቶች፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር በእነሱ ላይ ተሻግረው የሚያልፉ ሌሎች፣ ጥጉ ላይ ሦስተኛ ድርብ። ሰዋስዋችንም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ጫረ፣ ጫጫረ። ሞነጨረ፣ ሞነጫጨረ። ግእዙ «ነጠበ» ጠብ አለ ነው፤ ከሱ ነጥብ፣ ሲደጋገም ነጠብጣብ። ግንቡን በነጠብጣብ ብቻ የሚያጠቁር ሰው ግሡን በእጁ እያረባ ነው።

ተማሪዎች ይህን ሁሉ «ሼድ ማድረግ» ይሉታል። «አጠላ» እያለ ለምን? ግእዙ «ጽላሎት» ነው፤ «ጸ» ወደ «ጠ» ዞሮ (ጸጉር ጠጉር እንደሆነው) ጥላ ሆነ፣ ከዚያ ማጥላት። ማጥላላት ግን ከዚህ ቤት አይደለም፤ አባቱ «ጸልአ»፣ ጠላ ነው። በረንዳውን ያጠሏል እንጂ አያጥላሉም።