ፌልስ ፖይንት

ፌልስ ፖይንት በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ በባልቲሞር ከተማ ምሥራቃዊ የወደብ ዳርቻ ያለ አነስተኛ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው መሬቱን ከያዘው የፌል ቤተሰብ ነው፤ ኤድዋርድ ፌል በ1763 እ.ኤ.አ. ቦታውን ሸንሽኖ መሸጥ ጀመረ። የባልቲሞር መሃል ወደብ ጥልቀት ስላልነበረው ትልልቅ መርከቦች የሚቆሙት እዚህ ነበር። በ1773 ሰፈሩ ከባልቲሞር ጋር ተቀላቀለ። ቴምስ፣ ፍሊትና ሼክስፒር የሚሉት የጎዳና ስሞች የመሥራቾቹን እንግሊዛዊነት ይመሰክራሉ።

ዝናው የመጣው ከመርከብ ሠሪዎቹ ነው። ባልቲሞር ክሊፐር የሚባሉት ፈጣን የሸራ መርከቦች በ1812ቱ ጦርነት በመንግሥት ፈቃድ የእንግሊዝን የንግድ መርከቦች ያሳድዱ ነበር። በቶማስ ኬምፕ የተሠራችው የሻሱር መርከብ አዛዥ ቶማስ ቦይል፣ በ1814 በአንዲት መርከብ ብቻ የብሪታንያን ደሴቶች በሙሉ ከብቤአለሁ ብሎ አወጀ፤ ነገሩ ፌዝ ቢመስልም የእንግሊዝ ነጋዴዎች ግን አልሳቁም።

ያው መርከብ መሥሪያ የባርነትም ቦታ ነበር። በ1826 በልጅነቱ በባርነት ወደ ባልቲሞር የተላከው፣ ኋላ የፀረ ባርነት ታጋይ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ ፊደል የቆጠረው እዚህ ነው። ኋላም የመርከብ ሳንቃ ስንጥቅ እየደፈነ ሲሠራ ደመወዙን ጌታው ይወስድበት ነበር። በ1838 መርከበኛ መስሎ፣ በተዋሰው የምስክር ወረቀት በባቡር አመለጠ። በ1892፣ ስመ ጥር ሰው ከሆነ በኋላ፣ ቀድሞ ያመልክበት በነበረው ቤተ ክርስቲያን ቦታ ለጥቁሮች የሚከራዩ አምስት ተያያዥ ቤቶችን አሠራ፤ ዛሬም አሉ። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ነጭ ሠራተኞች ጥቁሮቹን ከሥራ ሲያስወጡ፣ አይዛክ ማየርስና ባልደረቦቹ ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን የመርከብ መጠገኛ ከፈቱ።

መርከቦች እየገዘፉ ሲመጡ ሥራው ወደ ሌሎች የወደቡ ክፍሎች ሄደ፤ ሰፈሩም የፖላንድ ስደተኞች መኖሪያና የመርከበኞች መጠጥ ቤቶች መገኛ ሆኖ ደኸየ። ጠባቦቹ የጡብ ቤቶች የተረፉት በከፊል አፍርሶ የሚገነባ ባለሀብት ስለጠፋ ነው። ትልቁ አደጋ የመጣው በ1960ዎቹ ነው፤ ከተማው በሰፈሩ ውስጥ አውራ ጎዳና ለማሳለፍ አቅዶ ቤቶችን መግዛት ጀመረ። ነዋሪዎች በ1967 ማኅበር መሠረቱ፤ ከተቃዋሚዎቹ መሪዎች አንዷ ኋላ ሴናተር የሆነችው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ባርባራ ሚኩልስኪ ነበረች። ሰፈሩ በ1969 በብሔራዊ የታሪክ ቦታዎች መዝገብ ሰፈረ፤ የጎዳናው ዕቅድም ከዓመታት ክርክር በኋላ ተሰረዘ።