በእናቴ ጉልበት የተለካ መንገድ

ቡናው እስኪፈላ አንድ የመንገድ ወሬ ላውጋችሁ። ነገሩ የተጀመረው በጥር ወር፣ በስልክ ነው። እናቴ ከድሬዳዋ ደውላ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ግቢው ማንጎ ካወራችኝ በኋላ፣ «ዘንድሮ እመጣለሁ። ግን ፍራንክፈርት ወስደህ ሶፋ ላይ አስቀምጠህ እንዳትመልሰኝ። ባቡር አሳየኝ። መርከብም ካለ መርከብ» አለችኝ።

ባቡር ለእናቴ ተራ ነገር አይደለም። አያቴ ዕድሜ ልኩን ምድር ባቡር ነው የሠራው። ድሬዳዋ ራሷ በፈረንጆቹ 1902 ሃዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ እዚያ ላደገ ልጅ የባቡሩ ጩኸት ሰዓት ነበር። «ሲጮህ እንነሣለን፣ ሲጮህ ምሳ እንበላለን» ትላለች እስከ ዛሬ። ጅቡቲ ወርዳ ባሕሩን አይታለች፤ ግን ዳር ቆማ ነው ያየችው፣ መርከብ ላይ ወጥታ አታውቅም። ዕድሜዋ ስድሳ ሰባት ነው። ግራ ጉልበቷ ከደረጃ ጋር ከተጣላ ቆይቷል።

እኔ ግን ያንን ጉልበት ረሳሁት። ስልኩ እንደተዘጋ ወረቀት አውጥቼ ሙኒክ፣ ሳልዝቡርግ፣ ቪየና፣ ቬኒስ፣ ፍሎረንስ፣ ሮም፣ ኔፕልስ እያልኩ ደረደርኩ። አሥራ አንድ ከተማ በአሥራ ስምንት ቀን! ቅዳሜ ዕለት በቪዲዮ ደውዬ በሙሉ ልብ አነበብኩላት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦

«ስንት ጊዜ ነው የምንወርደው?»

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ሻንጣ ይዘን የምንወርደው ሃያ ሦስት ጊዜ ሆነ። ከነዚያ ውስጥ በስድስቱ፣ ከአንዱ ባቡር ወርደን ሌላው ላይ ለመውጣት ያለን ጊዜ ዐሥር ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የጉዞ መፈለጊያው ስምንት ደቂቃ ይበቃል ሲል የሚያስበው ደረጃውን ሁለት ሁለት እያደረገ የሚወርድ ጎልማሳ ነው። እናቴን አያውቃትም። ሊፍት ተበላሽቶ ከሆነ፣ ግላይሱ፣ ማለትም የባቡሩ መቆሚያ፣ በመጨረሻ ደቂቃ ተቀይሮ ከሆነ፣ እሷ ገና የደረጃው አጋማሽ ላይ እጀታውን ይዛ ትንፋሿን ስትሰበስብ ባቡሩ ይሄዳል።

ወረቀቱን ቀደድኩት። አዲሱን የጀመርኩት ከጉልበቷ ነው። በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ባቡር አንቀይርም፤ ስንቀይር ቢያንስ አንድ ሰዓት ይኑረን፤ ባረፍንበት ከተማ ሁለት ሌሊት እንደር። ጣቢያዎቹንም በዚሁ ዓይን አየኋቸው። የፍራንክፈርትና የሙኒክ ዋና ጣቢያዎች ሃዲዱ መጥቶ የሚያልቅባቸው ናቸው፤ ከረጅም መንገዱ ባቡር ወርዶ ሳይወጡ ሳይወርዱ እስከ አዳራሹ መሄድ ይቻላል። የጣሊያኗ ቦሎኛ ግን ከምድር በላይም ከምድር በታችም ሃዲድ አላት፤ እዚያ መጣደፍ የለም።

ቪዛው ደግሞ ካርታውን በሌላ በኩል ቆረጠው። የሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው ብዙ ቀን ከሚቆዩበት አገር ነው፤ ለእኛ ጀርመን ማለት ነው። ክፍያው ከሰኔ 2024 ወዲህ 90 ዩሮ ሆኗል፤ የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንሱም ከ30,000 ዩሮ በታች መሸፈን የለበትም። ይህንን ገንዘብና ወረቀት ይመልሰዋል። ልብ የሚሰብረው ሌላው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን መልስ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። እናቴ አንዴ ትገባለች፣ አንዴ ትወጣለች። ስለዚህ በመሀል ከሸንገን ክልል የሚያስወጣ መንገድ ሁሉ ተሰረዘ። ለንደን ያለችው እህቴ፣ «አውሮፓ ድረስ መጥታ ቤቴን ሳታይ?» ብላ ስልኩ ላይ አለቀሰች። ለንደን ውጭ ነው። ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ጣሊያን፣ ግሪክ ግን ሁሉም ውስጥ ናቸው። እህቴ ራሷ ጣሊያን፣ ቬሮና ድረስ እንድትመጣና ከዚያ አብረን እንድንቀጥል ተስማማን።

ቀኑን የቆረጠችው እናቴ ናት። እኛ ክረምት የምንለው ለአውሮፓ በጋ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ሰው ሁሉ የሚንቀሳቀሰው ያኔ ነው። እሷ ግን ያየችው አጽዋማቱን ነው። የሰኔ ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመካከል ሃያ አምስት ቀን አለ፣ በፈረንጆቹ ከጁላይ 13 እስከ ኦገስት 6። «ሐምሌ ስድስት እንነሣለን፣ ለፍልሰታ ቤትህ እንገባለን» አለች። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ በሶውና ዳቦ ቆሎው አለ። እኔ የአየር ሁኔታ፣ የሆቴል ዋጋ፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሳገላብጥ ሁለት ሳምንት የፈጀሁበትን እሷ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

መድረሻውንም እሷው መረጠች። ሮም ልላት ስዘጋጅ፣ «እንድርያስ የተሰቀለው የት ነው?» አለችኝ። ፓትራ፣ ግሪክ። የሐዋርያው ራስ ሮም ቆይቶ በ1964 ወደዚያች ከተማ ተመልሷል፤ ባሕሩ አጠገብ ያለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን በ1908 መሠረቱ ተጥሎ በ1974 ነው የተመረቀው። ፓትራ ከጣሊያን በመርከብ የሚደረስባት ወደብ ናት! አንደኛው መነሻ ባሪ ነው፤ ባሪ ደግሞ ከ1087 ጀምሮ የቅዱስ ኒቆላዎስ አፅም ያረፈባት ከተማ ናት፣ የመርከበኞች ጠባቂ የሚሉት። ነገሩ እንዲህ ሲገጣጠም እናቴ «አየህ» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ትኬቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አውሮፓ የሚኖር ሰው የሚገዛው የባቡር ፓስ ኢንተርሬይል ነው፣ ከውጭ የሚመጣ ደግሞ ዩሬይል። የሚለያቸው ፓስፖርት ሳይሆን መኖሪያ ነው፤ ስለዚህ የአንድ ቤት ሰዎች ሆነን ሁለት ዓይነት ፓስ ያዝን። ከስድሳ ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ዐሥር በመቶ ይቀነሳል። በአንድ ወር ውስጥ ሰባት የጉዞ ቀን የሚሰጠውን መረጥን። በእኔ ኢንተርሬይል ግን አንድ ወጥመድ አለ፦ በምኖርበት አገር ውስጥ የሚሠራልኝ ለመውጫ አንድ ቀን፣ ለመመለሻ አንድ ቀን ብቻ ነው። ሙኒክ ካደርን ከፍራንክፈርት ሙኒክ ያለው አንዱን ቀን ይበላና፣ በማግሥቱ ከሙኒክ እስከ ድንበሩ ያለው ሜዳ ላይ ይቀራል። የእናቴ ዩሬይል ይህ ገደብ የለበትም። እኔ ለፍራንክፈርት–ሙኒክ ተራ ትኬት ቀደም ብዬ በርካሽ ገዛሁ። ደግሞም ፓሱ ብቻውን አይበቃም፤ የጣሊያን ፈጣን ባቡሮች ላይ የመቀመጫ ክፍያ ለብቻው አለ። ከቦሎኛ ወደ ባሪ ስንወርድ ባሕሩ በግራ ስለሆነ በግራ በኩል መስኮት አስያዝኩ።

አንድ ምሽት የሌሊት ባቡርም አማረኝ። ጁላይ 16 ማታ እንነሣለን ብዬ፣ ከእኩለ ሌሊት ዐሥራ ሁለት ደቂቃ አልፎ የሚነሣ አገኘሁና 16 የሚለውን ቀን ነካሁ። ለእናቴ ሳነብላት፣ «ቆይ፣ ያ ሌሊት የየትኛው ቀን ሌሊት ነው?» አለች። ለእኛ ሌሊቱ ሊነጋ ያለው ቀን አይደለም፤ ጎሕ እስኪቀድ ድረስ ያለፈው ቀን ነው። ለፈረንጅ ግን ከእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ካለፈ ሌላ ቀን ገብቷል። የያዝኩት ባቡር እኛ ጣቢያ ከመድረሳችን ሃያ አራት ሰዓት ቀድሞ የሚሄድ ነበር። ገንዘቡ ሳይከፈል ተረፈ። ወደ ላይኛው አልጋ የሚያስወጣውን መሰላል በፎቶ ካየሁ በኋላ ደግሞ የሌሊቱን ባቡር ራሱን ተውኩት።

የመርከቡን ካቢን በሚያዝያ ያዝኩ። በሐምሌ የሚሻገር ቤተሰብ ብዙ ነው፤ የታችኛ አልጋ ያለው ካቢን ቀድሞ ያልቃል። ፓሱ በአንዳንድ መርከቦች ላይ ቅናሽ አለው፣ ቅናሹ ግን ካቢኑን አያስይዝም።

እንግዲህ ሐምሌ ስድስት ተነሣን። ሙኒክ ሁለት ሌሊት። ከዚያ ከአምስት ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ መንገድ በአልፕስ ተራራ በኩል ወደ ቬሮና። ብሬነር ላይ 1,370 ሜትር ከፍታ ሲደረስ የድንበሩ ጣቢያ ይመጣል፤ ይህ ሃዲድ ከ1867 ጀምሮ ሰው ያሻግራል። እናቴ ፊቷን ከመስኮቱ አልነቀለችም። ባቡሩ ተራራውን እየታከከ ሲዞር የፊተኞቹ ፉርጎዎች በመስኮት ታዩ። «አባቴ ይህንን ቢያይ» አለች ቀስ ብላ። ቬሮና ላይ እህቴ ግላይሱ ላይ ቆማ ጠበቀችን፤ እሱን አልተርክም፣ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ቦሎኛ ላይ ያ የአንድ ሰዓት ሕግ ዋጋውን አሳየ። ከቬሮና የተነሣንበት ባቡር አርባ ደቂቃ ዘገየ። በመጀመሪያው ወረቀቴ ቢሆን ኖሮ የባሪው ባቡር ሄዶ፣ በእሱ ሳቢያም መርከቡ ሄዶ ነበር። የሰጠነው ጊዜ አንድ ሰዓት ከሃያ ነበርና ተረፈን። በተረፈችን ጊዜ ከጣቢያው ግድግዳ ላይ 10:25 ላይ የቆመውን ሰዓት አሳየኋቸው። ኦገስት 2 ቀን 1980 በመንገደኞች መጠበቂያው አዳራሽ ቦምብ ፈንድቶ 85 ሰው ሞቷል፤ ሰዓቱ ለመታሰቢያ ያንን ደቂቃ እንዲያሳይ ተደርጓል። እናቴ ነጠላዋን ወደ ራሷ አደረገች። «ሻንጣ ይዘው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው» አለች፤ ቀና ብላ አማተበች።

ባሪ ላይ መርከቡ ከመነሣቱ ሁለት ሰዓት ቀድመን ወደቡ ገባን። ሸንገን ውስጥ ብንሆንም ፓስፖርት በእጅ መሆን አለበት። የመርከቡ የኋላ በር እንደ ድልድይ ወርዶ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ከባድ መኪኖቹ አንድ በአንድ ወደ ሆዱ ይገባሉ፣ ብረቱ ከጎማቸው ሥር ይንቋቋል፣ የናፍጣው ሽታ ከጨዉ ነፋስ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። እናቴ ክርኔን ይዛ ትቆጥራለች። አርባ ላይ ተወችው። «ይኼ ሁሉ ገብቶ አይሰምጥም?» አለች። አይሰምጥም አልኳት። በሊፍት ወጣን።

ጠዋት ከላይኛው ወለል ላይ ሰማያዊ ደሴቶች በሁለቱም በኩል ያልፉ ነበር። የግሪክ ሰዓት ከጣሊያን አንድ ሰዓት ስለሚቀድም ሰዓታችሁን አስተካክሉ የሚል ድምፅ ተሰማ። የእኔን አዞርኩ። እናቴ የእጅ ሰዓቷን ከድሬዳዋ ከወጣች አልነካችውም፤ ፍራንክፈርት ሳለን ጊዜ በጠየቀች ቁጥር አምስት እየደመርኩ ነበር የማስረዳት፣ እሷንም አልገጥም ብሏት ነበር። ክንዷን ከክንዴ ጎን አደረገች። የእኔ ዘጠኝ ሰዓት ይላል፣ የእሷ ሦስት። የሰዓት ቆጣሪዎቹ ዘንጎች ልክ ፊት ለፊት ቆመዋል፣ አገር ቤት የፈረንጅና የሐበሻ ሰዓት ጎን ለጎን ሲሰቀሉ እንደሚቆሙት። በእኛ ክረምት ግሪክና ኢትዮጵያ አንድ ሰዓት ናቸው።

«ይኸው ልክ መጣ» አለች።

ከቀትር በኋላ ፓትራ ከሩቅ ታየች፤ የእንድርያስ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ከቤቶቹ በላይ ወጥቶ ነበር። መርከቡ ወደቡን ሲቃረብ ረጅም ጩኸት አሰማ። እናቴ ሰዓቷን አላየችም። ከቦርሳዋ የዳቦ ቆሎውን ላስቲክ አወጣች፣ ለእህቴና ለእኔ በእፍኝ በእፍኝ ሰጠችን።

«ምሳ» አለች።