የኅዳር ጢስና የወጨጫ ጥድ

በዓል ማለት ሕዝብ ያለፈውን እንዳይረሳ፣ የሚመጣውንም እንዳይዘነጋ፣ በዓመት አንድ ቀን ቆሞ የሚያስብበት ጊዜ ነው። የሚታሰበው ነገር ጠፍቶ ዘፈኑና ድግሱ ብቻ ከቀረ ግን ቀኑ በዓል መባሉ ለስሙ ያህል ነው። ይህንንም የምንጽፈው በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች፣ ይኸውም በደቡብ ምዕራብ ሰበታ፣ በምዕራብ ቡራዩ፣ በሰሜን ሱሉልታ፣ ስለ መሬታቸው ንጽሕናና ስለ ዛፋቸው ጥበቃ ሕዝቡን የሚያነቃ በዓል ለማዘጋጀት ሲነሡ፣ ሥራውን ከወዴት መጀመር እንደሚገባቸው ከታሪክ ጥቂት ለማሳየት ነው።

የከተማ ሹሞችና የሰፈር ሽማግሌዎች እንዲህ ያለውን ቀን ሲያስቡ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ድንኳኑ በየት ይተከል፣ ንግግሩን ማን ያድርግ፣ ካናቴራው ስንት ይታተም የሚል ነው። ነገር ግን አገራችን በዚህ ጉዳይ ላይ ከሌላ ሳትበደር ሁለት ትምህርት አግኝታለች። አንደኛው በየዓመቱ የሚደረግ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ማንም ድንኳን ያልተከለለት የብዙ መቶ ዓመት ጥበቃ ነው። ሁለቱን በየተራቸው እንመልከት።

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ በአውሮፓ የመጀመሪያው ታላቅ ጦርነት ባበቃበት ሰሞን፣ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን እጅግ አጠቃት። በሽታው ድኻና ባለጠጋ አልለየም፤ አልጋ ወራሹ ተፈሪ መኰንን እንኳ በጽኑ ታመው ተረፉ። በከተማይቱ የሞተው ሰው ቍጥር እስከ 10,000 እንደሚደርስ ተገምቷል። በአንድ ጣራ ሥር ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚወድቅ ለሕመምተኛው ውሃ የሚያቀብል ጠፋ፤ ለሞተውም መቃብር የሚቈፍር አልተገኘም። ሕዝቡም ያንን መከራ የኅዳር በሽታ ብሎ ሰየመው።

ከዚያም ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል በዓል ዕለት፣ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ግቢውን ይጠርጋል፤ ጥራጊውንም ከደጁ ሰብስቦ በእሳት ያጤሰዋል። ይህም ልማድ ኅዳር ሲታጠን ይባላል። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ነገር ምን ያህል የሚያስደንቅ እንደ ሆነ አስተውል። ዘውዱ አልፏል፤ ደርግም መጥቶ ሄዷል፤ የከተማው ሹም ስንት ጊዜ ተለውጧል፤ ኅዳር ሲታጠን ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሳይቋረጥ ኖሯል። በጀት አልተመደበለትም፤ ኮሚቴም አላቋቋሙለትም። እንዲህ የጸናበት ምክንያት ሦስት ይመስለናል። ስለ ሙታን የሚነገር እውነተኛ ታሪክ አለው፤ ማንም የማይስተው የታወቀ ቀን አለው፤ ደግሞም ሥራው ባልቴትም ብትሆን፣ ሕፃንም ቢሆን፣ በገዛ ደጁ ሊፈጽመው የሚችል ነው። በዓል የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ቢይዝ ብዙ ገንዘብ ከማባከን ይድናል።

ነገር ግን መልካም ልማድም ዘመን ሲለወጥበት መመርመር አለበት። በዚያ ዘመን ከየደጁ ይነድ የነበረው ጥራጊ ገለባና ቅጠል፣ ያረጀ ሣርና የጨርቅ ቅዳጅ ነበረ። ዛሬ ግን በክምሩ ውስጥ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ላስቲክና የተሰበረ ዕቃ ይገኛል። ሱሉልታ የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎች ካሉባቸው ስፍራዎች አንዷ ናት፤ ከምድሯ የወጣው ጥሩ ውሃ በጠርሙስ ሆኖ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ውሃው ተጠጥቶ ሲያልቅ ጠርሙሱ በቦይና በሜዳ ይቀራል። እንዲህ ያለው ነገር ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ ሳንባን የሚጎዳ መርዝ አለበት። በኅዳር ጧትም አየሩ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ጢሱ ወደ ላይ ፈጥኖ አይነሣም፤ በእንጦጦና በወጨጫ መካከል ባለው ዝቅተኛ ስፍራ ተኝቶ ይውላል። ስለዚህ በሽታን ለማባረር የተጀመረው ሥራ ሳናስበው በሽታን መጥሪያ እንዳይሆን ያስፈራል።

ሁለተኛው ጕድለት ከዚህ ይልቅ ይከብዳል፤ የኅዳር ሥራ በአንድ ቀን ይፈጸማልና፣ በማግሥቱ ጥራጊው ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ የለም። አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ከሃምሳ ዓመት በላይ የጣለችው በደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ሰበታ በሚወስደው ወገን፣ ቆሼ በተባለው ስፍራ ነው። በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ አዲስ ማከማቻ ቢከፈትም የአካባቢው ገበሬዎች መሬታችንና ውሃችን ተበላሸ ብለው ስለ ተቃወሙ ሥራው በዚያው ዓመት ቆመ፤ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። ከዚያም መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወረደ፤ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከደጃችን የወጣ ነገር ሁሉ የሌላ ሰው ደጅ እንደሚደርስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ትምህርት እንለፍ። ከሰበታ ወደ ሰሜን ምዕራብ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር በላይ የሚሆነውን የወጨጫን ተራራ ያያል። በዚያ ተራራ ጐን የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በነገሡበት ዘመን፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ተራራው ተራቍቶ ስላዩት ከሰሜን ሸዋ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ተብሎ ይተረካል። ዛሬ በደኑ ውስጥ ጥድና ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ይታያል፤ ጉሬዛና ድኵላም ይኖርበታል።

የደኑ ታሪክ ሲነገር ብዙ ሰው የሚያደንቀው ንጉሡ ማስተከላቸውን ነው። እኛ ግን ይበልጥ የምናደንቀው ከእርሳቸው በኋላ የሆነውን ነው። መትከል የአንድ ክረምት ሥራ ነው። የተተከለው ጥድ ትልቅ ዛፍ እስኪሆን ግን አንድ የሰው ዕድሜ አይበቃውም፤ የተከለውም ሰው ጥላውን ሳያይ ይሞታል። በመካከሉ ጦርነት መጥቷል፤ ረኃብ ሆኗል፤ መንግሥት ከሸዋ ወደ ጐንደር ሄዶ ተመልሷል፤ በኋላም መጋዝ ገብቶበታል። ቢሆንም የንጉሥ ደን ተብሎ በመከበሩ እስከ ዘመናችን ደረሰ። ለተከላው ቀን የተደረገ በዓል ቢኖር ወሬው አልደረሰንም፤ የደረሰን ዛፉ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው የባሕር ዛፍ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተመሠረተች በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተቈርጦ አለቀ። ዕንጨት ከሩቅ መምጣት ስለ ጀመረ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን ትተው በምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ነበር፤ በዚያም ግንብ ማሠራት ጀምረው ነበር። ያን ጊዜ ከአውስትራሊያ የመነጨው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ በቀለና ከተማይቱን በስፍራዋ አጸናት። መንግሥትም ሕዝቡ እንዲተክል ችግኙን በጥቂት ዋጋ ሰጠ፤ ባሕር ዛፍ የተተከለበትንም መሬት ከግብር ነጻ አደረገ። ሰው የተከለውን የጠበቀው ጥቅሙ የራሱ ስለ ነበረ ነው።

ነገር ግን በ1905 ዓ.ም. ገደማ ባሕር ዛፍ ውሃ ያደርቃል የሚል ስጋት ስለ ተነሣ፣ ከሦስቱ እጅ ሁለቱ ተነቅሎ በምትኩ ለሐር ትል ምግብ የሚሆን ዛፍ እንዲተከል ታዘዘ። ትእዛዙ ሳይፈጸም ቀረ፤ የማገዶውን ነገር የሚተካ አልተገኘምና። የድኻው ሰው ድስት በምን እንደሚበስል ያላሰበ ዐዋጅ ሥራ ላይ አይውልም። ከእንጦጦ ተራራ ዕንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩትን ሴቶች ያየ ሰው ይህን ነገር ያለ አስረጅ ይረዳዋል።

የውጭ አገሮችም ስለ ዛፍና ስለ ምድር ቀን ቈርጠዋል። በአሜሪካ በኔብራስካ ግዛት በ1864 ዓ.ም. የዛፍ ቀን ተጀመረ፤ በዚያም ዕለት አንድ ሚሊዮን ያህል ዛፍ እንደ ተተከለ ተነገረ። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ስለ ሰው ልጅ አካባቢ በስቶክሆልም ጉባኤ አደረጉ፤ ጉባኤው የተከፈተበትም ግንቦት 28 ቀን የዓለም የአካባቢ ቀን ሆነ። በአገራችንም ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ ዐሻራ ሥራ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ የተተከለውን መቍጠር ቀላል ነው፤ የሚከብደው በሦስተኛው ዓመት የቆመውን መቍጠር ነው።

እነሆ አሁን ወደ ሦስቱ ከተሞች እንመለስ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ተጠቃልለዋል። የተቀመጡበት ስፍራ ግን ከአስተዳደር ይልቅ የቈየ ሥራ ሰጥቷቸዋል። በቡራዩ አጠገብ የገፈርሳ ግድብ አለ፤ የትንሹን አቃቂ ራስ ውሃ ይዞ ለአዲስ አበባ ሕዝብ ሲያጠጣ ኖሯል። የሰበታ ውሃ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከእንጦጦ ጀርባ ያለው የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ደግሞ በሙገር በኩል ወደ ዐባይ ይሄዳል። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች በወንዝ ዳር የተጣለ ፌስታል አንዱ ወደ አፋር በረሓ፣ አንዱ ወደ ዐባይ ሸለቆ መንገድ ይጀምራል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል ዐዋጅ አጽድቋል፤ የባሕር ዛፉ ትእዛዝ እንዳስተማረን ግን ዐዋጁ ሥራ ላይ እንዲውል ዘንቢሉና የጨርቁ ከረጢት በየገበያው መገኘት አለበት።

ስለዚህ በዓል የሚያዘጋጁ ሰዎች አዲስ ቀን ከመፈለግ ይልቅ ሕዝቡ የሚያውቃቸውን ቀኖች ቢይዙ ይሻላል እንላለን። ኅዳር 12 ቀን ጥራጊው ይሰብሰብ፤ ነገር ግን ከመጤስ ይልቅ ይለይ። ቅጠሉና የወጥ ቤቱ ትርፍ ጉድጓድ ገብቶ ለአትክልት ፍግ ይሁን፤ ፕላስቲኩና ብረቱ ለቆራሌው ይሰጥ። ጥር 11 ቀን ለጥምቀት ወደ ውሃ ከመወረዱ አስቀድሞ የወንዙ ዳር ይጽዳ። ግንቦት 28 ቀን ለችግኝ ጉድጓድ ይቈፈር፤ ሐምሌ ሲገባ ይተከል። መስከረም ሲጠባ፣ የኦሮሞ ሕዝብ እርጥብ ሣር ይዞ ክረምቱን ላሳለፈው ፈጣሪ በውሃ ዳር ምስጋና በሚያቀርብበት በኢሬቻ ሰሞን፣ የተተከለው ምን ያህል እንደ ተረፈ በሕዝብ ፊት ይቈጠር።

ቈጣሪውም ማን ይሁን ቢሉ ዕድር ይሁን እንላለን። ሹም ይሻራል፤ ኮሚቴም ይበተናል፤ ዕድር ግን የአባሎቹን ስም በመዝገብ ይይዛል፤ የቀረውን ይቀጣል፤ ዳኛ አለው፤ ጥሩምባ ነፊም አለው። በ1911 ዓ.ም. እንደ ሆነው ቀባሪ እንዳይታጣ የሚተጋ ማኅበር ዛፍ ጠባቂም እንዳይታጣ መትጋት አያቅተውም። ሰፈርተኛውን ለቀብር የሚጠራው ጥሩምባ በዓመት ጥቂት ቀን ችግኝ ለማረምና ውሃ ለማጠጣት ቢነፋ፣ ማንም ከቤቱ አይቀርም።

ኅዳር በየዓመቱ ይመጣል፤ የ1911 ዓ.ም. ሙታንም መታሰባቸው አይቅር። ለእነርሱ የሚገባቸው መታሰቢያ ግን የልጅ ልጆቻቸውን ዐይን የሚያስለቅስ ጢስ አይደለም፤ ንጹሕ ደጅና ጠባቂ ያለው ዛፍ ነው። በሰበታ ወይም በቡራዩ፣ በሱሉልታም፣ በዚህ ክረምት አንድ የጥድ ችግኝ የሚተክል ሕፃን ቀና ብሎ ወጨጫን ይይ፤ ያንን የተከለውን ሰው ስም አያውቅም፤ ከጥላው በታች ግን ያርፋል።