በአንድ ብራውዘር የታሰረች አገር፦ የደቡብ ኮርያ ታሪክና ትምህርቱ



የአንድ ሶፍትዌር ድጋፍ አብቅቶ የመሥሪያ ቤቶች ሥራ ሲስተጓጎል፣ ጥፋቱን «በጊዜው ባላሻሻለው» ተጠቃሚ ላይ መጣል የተለመደ ነው። በዛሬው ንግግሬ ይህን አስተያየት በደቡብ ኮርያ ታሪክ ልፈትነው እወዳለሁ። የምከራከርበት ነጥብ አጭር ነው፦ ተጠቃሚው በአሮጌው ብራውዘር የቆየው በስንፍና ሳይሆን፣ ከእርሱ በላይ የተሰጡ ውሳኔዎች ስላሰሩት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመልካም ሐሳብ ነው። በ1990ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ጠንካራ የምስጠራ ሶፍትዌር ወደ ውጭ አገር እንዳይላክ ይገድብ ነበር። ለውጭ ገበያ ይቀርቡ የነበሩ ብራውዘሮች ባለ 40 ቢት ቁልፍ ይጠቀሙ ስለነበር፣ ለባንክ ሥራ የሚያስተማምኑ አልነበሩም። ኮርያውያን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1998 «ሲድ» የተባለ ባለ 128 ቢት የምስጠራ ስልት በራሳቸው ባለሙያዎች አዘጋጁ፤ በ1999 ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕግ አወጡ። በባንክና በግብይት ገጾች የሚገለገል ሰው እውቅና ካለው ተቋም የተሰጠ ሰርተፍኬት መያዝ ግድ ሆነበት።

ይሁን እንጂ ሲድን የሚያውቅ ብራውዘር አልነበረም። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ማይክሮሶፍት በ1996 ያስተዋወቀው አክቲቭኤክስ ነው፤ ይኸውም ድረ ገጽ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ጭኖ እንዲያሠራ የሚፈቅድ ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ በተግባር የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ባለው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ነበር። በዚህ መንገድ የአገሪቱ የኤሌክትሮኒክ ንግድ ከአንድ ኩባንያ ምርት ጋር ተቆራኘ።

ከዚያ በኋላ ዓለም ተለወጠ፤ ሥርዓቱ ግን ባለበት ቀረ። አሜሪካ በ2000 ገደቡን አላላች፤ ሲድን የወለደው ምክንያት ጠፋ፣ በሲድ ላይ የተገነባው ግን ቆሞ ቀረ። በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ሲወጣ የደኅንነት ለውጦቹ በርካታ የባንክ ገጾችን አወኩ። በ2014 ፕሬዚዳንት ፓርክ ግን ሄ፣ በአንድ ተወዳጅ የቴሌቪዥን ድራማ የታየውን ልብስ ሊገዙ የፈለጉ ቻይናውያን በሰርተፍኬቱ ምክንያት እንዳልቻሉ በይፋ ተናገሩ። በ2015 የወጣው ኤጅ ብራውዘር አክቲቭኤክስን ጨርሶ አልተቀበለም። ሰርተፍኬቱ በሕግ የነበረውን ልዩ ሥፍራ ያጣው በዲሴምበር 2020 ነው፤ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም በአብዛኛው የዊንዶውስ 10 ተጠቃሚ ዘንድ ጁን 15 ቀን 2022 ድጋፉ አበቃ።

የዚህን ሁሉ ዋጋ የከፈለው ማን ነው? ሕግ አውጪው አይደለም፤ ብራውዘሩን የሠራው ኩባንያም አይደለም። ለባንክ ሥራ ሲል አሮጌ ኮምፒውተር የሚያቆይ የሂሳብ ሠራተኛ፣ ገበያው የተዘጋበት ነጋዴ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው፣ ለደኅንነት ሲባል የተዘረጋው ሥርዓት ሕዝቡን «ፕሮግራሙ ይጫን?» ለሚል ጥያቄ ሁሉ ሳያመነታ «አዎ» ማለትን አስለመደው፤ አጥቂዎች የሚሹትም ይህንኑ ልማድ ነው።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ከመካተቱ በፊት፣ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የላቲን ፊደላትን የኮድ ቦታ ወስደው የየራሳቸውን አደራደር ይከተሉ ነበር። በእነርሱ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል። ያ ሰነድ መዝገብ፣ ውል ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ነገ ሥርዓት የምትገዙም ሆነ የምትሠሩ ተማሪዎቼ ሁለት ጥያቄ አስቀድሙ፦ ይህ ሥርዓት የተደገፈው በማን ላይ ነው? ያ ድጋፍ ሲነሳ መረጃችንን ይዘን የምንወጣበት በር የትኛው ነው? መልሱ ውሉ ከመፈረሙ በፊት በውሉ ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ከተፈረመ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ ዋጋውን የሚያስከፍለው ውሳኔው ላይ ያልነበረውን ሰው ነውና።